የቲቢ ባክቴሪያ ለምን አይቸኩልም? ስለ ፕሮቲን ካይኔዝ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ በአንድ ላቦራቶሪ የምሠራ ቴክኖሎጂስት ነኝ። አክታ ቀብተን ስናይ የአንዳንዱ ሕመምተኛ መስኩ ሁሉ ቀይ ዘንግ ነው። ሌላው ደግሞ መቶ መስክ ብንቆጥር አንድ አናገኝም፤ ጂንኤክስፐርት ግን ቲቢ አለ ይላል። በቅርቡ በአንድ ሥልጠና ላይ የቲቢን ዕድገት የሚቆጣጠሩት ፕሮቲን ካይኔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው ተባልንና በዚያው ታለፈ። ካይኔዝ የካንሰር ነገር አልነበረም ወይ? እንዴት አድርገው ነው የሚቆጣጠሩት? የማይታዩን ባክቴሪያዎችስ በእነሱ ምክንያት ነው? ዕድገቱ በእነሱ እጅ ከሆነ እነሱን የሚያግድ መድኃኒት ለምን የለም? ሁለተኛ ዲግሪዬን በዚህ ላይ ለመሥራት እያሰብኩ ስለሆነ ሰፋ ብሎ ቢመለስልኝ።»

እህቴ፣ ከጥያቄዎችሽ አንዱን ቶሎ ላውርደው። ስላይድ ላይ ያጣሽው ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ የጠፋብሽ ቁጥሩ ስላነሰ ነው እንጂ ካይኔዝ ደብቆት አይደለም። በማይክሮስኮፕ ለመታየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ ያስፈልጋል። የባክቴሪያውን ዘረመል ለሚፈልገው ለጂንኤክስፐርት ማሽን በመጀመሪያው ካርትሪጅ 130 ገደማ፣ በአልትራው ደግሞ 16 ገደማ ይበቃዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ያንቺን ግራ መጋባት ብቻውን ይመልሰዋል። በዚያ ላይ አክታው ምራቅ ብቻ ከሆነ፣ ቅቡ ከወፈረ ወይም ቀዩ ቀለም፣ ካርቦል ፉክሲኑ፣ በደንብ ካልጋለ ያለውም ይጠፋል፤ ይህን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ይሁን እንጂ ጥርጣሬሽ መሠረት የለውም አልልም። ካይኔዝ ቲቢን ቀይ ከመሆን ሊከለክለው እንደሚችል የታየበት አንድ ሥራ አለ፤ ወደ ኋላ ላይ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዝግታው እናውራ። ተማሪ ሳለሁ ሎወንስታይን-ጄንሰን በሚባለው የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ የዘራሁትን የመጀመሪያ ናሙናዬን በየቀኑ ኢንኩቤተሩን ከፍቼ አያለሁ። ያ በእንቁላል የተሠራ፣ በማላካይት ግሪን የለመለመ መደብ ላይ በአራተኛው ቀን ለስላሳ ነጭ ኮሎኒ ወጣ። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ ቱቦውን ይዤ ወደ ላቦራቶሪው ኃላፊ ሮጥኩ። እሳቸው ወደ መስኮቱ ዞር አድርገው አንዴ አዩትና «ልጄ፣ ቲቢ እንዲህ አይቸኩልም» ብለው ለአውቶክሌቭ ከተለዩት ጋር አስቀመጡት። ብክለት ነበር። እውነተኛው በሌላኛው ቱቦ በአምስተኛው ሳምንት መጣ፦ ሸካራ፣ ደረቅ፣ የቆየ ዳቦ ፍርፋሪ የሚመስል። ያን ቀን የገባኝን ያህል ከመጽሐፍ አልገባኝም።

የአንጀት ባክቴሪያ የሆነው ኢ. ኮላይ ምግብ ከተመቸው በ20 ደቂቃ ሁለት ይሆናል። ቲቢ ለዚያው ሥራ ከ18 እስከ 24 ሰዓት ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሥልጠናው ሳይገልጸው የቀረ የሚመስለኝን ልንገርሽ፦ የዚህ ዝግታ መንስኤ ካይኔዞቹ ብቻ አይደሉም። ኢ. ኮላይ የራይቦዞም አርኤንኤ የሚያወጣበት የጂን ስብስብ ሰባት ሲኖረው ቲቢ ያለው አንድ ብቻ ነው። ፕሮቲን የሚያመርትበት ፋብሪካ ሲጀመርም ትንሽ ነው ማለት ነው። ግድግዳውም ውድ ነው፤ ማይኮሊክ አሲድ የሚባሉት ቅባቶች እያንዳንዳቸው ከ60 እስከ 90 ካርቦን ያላቸው ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው። ባጃጅ የቱንም ያህል ቢረግጡት ሚኒባስ አይሆንም። ካይኔዞቹ ሞተሩን አልሠሩትም፤ ነዳጁና ፍሬኑ ላይ ያለው እግር ናቸው። መቼ እንደሚነሣ፣ መቼ እንደሚቆም፣ ቆሞ ከሰነበተ በኋላ መቼ እንደገና እንደሚነሣ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

(በነገራችን ላይ ዝግታውም ከዘር ዘር ይለያያል። በ2013 ይፋ የሆነው ሊኒጅ 7 የሚባለው የቲቢ ዘር የሚገኘው በዋናነት በሰሜን ኢትዮጵያ ነው፤ ከሌሎቹም ዘግየት ብሎ ያድጋል። እዚህ የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አሁን ወደ ካይኔዙ። አንድ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤት ሲወጣ ወረቀቱም ጽሑፉም ያው ሆኖ ክብ ማህተም ካላረፈበት የትም አይሄድም። ካይኔዝ ማህተም መቺ ነው። ቀለሙ ኤቲፒ፣ የሴሉ ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል ነው፤ ከኤቲፒ ጫፍ አንድ ፎስፌት ነቅሎ ሌላ ፕሮቲን ላይ ይለጥፋል። የሚለጥፍበት ቦታ ሴሪን ወይም ትሪዮኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ከሆነ «ሴሪን/ትሪዮኒን ካይኔዝ» ይባላል። ፎስፌቷ ትንሽ ናት፤ ነገር ግን ኔጌቲቭ ቻርጅ ይዛ ስለምትመጣ የተለጠፈችበት ፕሮቲን ቅርጹ ይቀየራል፣ ከሌላ ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል ወይም ይላቀቃል። ማህተሙን የሚፍቀው ኢንዛይም ደግሞ ፎስፋቴዝ ነው።

ምሳሌው እስከዚህ ጥሩ ነው፤ ከዚህ በኋላ ግን ያሳስታል። መሥሪያ ቤት ማህተም ማለት «ተፈቅዷል» ማለት ነው። ሴል ውስጥ ግን እንደ ደብዳቤው ነው፦ አንዱ ፕሮቲን ላይ ሲያርፍ «ሂድ»፣ ሌላው ላይ ሲያርፍ «ቁም» ይላል። «ካይኔዝ ዕድገትን ያበረታታል» የሚል ዓረፍተ ነገር ስትሰሚ ወዲያው «የቱ ፕሮቲን ላይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚህ ምላሽ አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ብትሄጂ ይህን ያዢ።

የካንሰሩ ነገር እውነት ነው፤ ግን ካንሰር ካይኔዝ የሚበላሽበት አንዱ መንገድ ነው እንጂ የካይኔዝ አገሩ አይደለም። የሰው ልጅ ከ500 በላይ ካይኔዞች አሉት። ጡንቻሽ ስኳር የሚያወጣው፣ ቁስልሽ የሚድነው በእነሱ ነው። ፎስፌት እየለጠፉና እየፋቁ ፕሮቲንን የመቆጣጠሩ ነገር ለፊሸርና ለክሬብስ በ1992 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ባክቴሪያ እንዲህ ዓይነት ካይኔዝ አለው ብሎ ግን ለረጅም ጊዜ የገመተ እምብዛም አልነበረም። ባክቴሪያ ምልክት የሚያስተላልፈው በሌላ መንገድ፣ ሂስቲዲን በሚባል አሚኖ አሲድ በኩል ነው ይባል ነበር። በ1991 ማይክሶኮከስ በሚባል የአፈር ባክቴሪያ ውስጥ የእኛን የሚመስል ካይኔዝ ተገኘ። በ1998 የቲቢ ጂኖም ሙሉ በሙሉ ሲነበብ፣ 4.4 ሚሊዮን ፊደልና 4,000 ገደማ ጂን ባለው በዚያ ጽሑፍ ውስጥ 11 ተገኙ። ስማቸው ፒኬኤን ሆኖ ከኤ እስከ ኤል ይደረደራሉ፤ ሲ የሚባል ግን የለም። ዘጠኙ የሴሉን ሽፋን ሰንጥቀው ከውጭም ከውስጥም ያሉ ናቸው፤ ጂና ኬ ብቻ ውስጥ ይቀራሉ። ፋቂው ግን አንድ ነው፣ ፒኤስቲ-ፒ። አሥራ አንድ ማህተም መቺ፣ አንድ ፋቂ። ፋቂው ከጠፋ ባክቴሪያው መኖር እንደማይችል ስነግርሽ የሚገርምሽ አይመስለኝም። በ2010 የወጣ ሥራ 301 ፕሮቲኖች ላይ ከ500 በላይ ማህተም ቆጥሯል።

ከአሥራ አንዱ የትኞቹ ናቸው ዋና? ለዚህ የምወደው ማስረጃ የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ ነው። የቲቢ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በዘመናት ውስጥ ጂኖቹን እየጣለ፣ ቤቱን እየሸጠ የኖረ ነው። ከካይኔዞቹ ያልጣላቸው አራት ብቻ ናቸው፦ ኤ፣ ቢ፣ ጂ እና ኤል። ሰው ቤቱ ሲቃጠል ይዞት የሚወጣውን ዕቃ አይተሽ ምን እንደሚወድ ታውቂያለሽ። በቲቢም ውስጥ ያለ ኤ እና ያለ ቢ ሕይወት የለም። ጂኖቻቸው ፋቂው ካለበት፣ የሴሉን ቅርጽና ግድግዳ ከሚሠሩ ጂኖች ጋር ጎን ለጎን ተደርድረው ይገኛሉ። አብረው የሚሠሩ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ እንደተቀመጡ ዓይነት ነው።

ግድግዳውን ካልያዝን የእነዚህ ሥራ አይያዝም። ጎንደሬ ስለ ግንብ ሲነሣ ዝም አይልምና ትንሽ ታገሺኝ። ኢ. ኮላይ ሲያድግ በጎኑ ላይ እዚህም እዚያም አዲስ ድንጋይ እየሰካ ይረዝማል። ቲቢ እንደዚያ አያደርግም፤ የሚገነባው በሁለቱ ጫፎቹ ብቻ ነው። መካከሉ አሮጌ ግንብ ሆኖ ይቀመጣል፤ ግንበኛው ጫፍ ላይ ነው። ሁለቱም ጫፍ እኩል አይሠሩም፤ አሮጌው ጫፍ አዲሱን ይቀድመዋል። ስለዚህ ሁለት የተከፈሉ እኅትማማቾች እኩል ርዝመት የላቸውም፣ እኩል ፍጥነትም የላቸውም፣ መድኃኒትንም እኩል አይቋቋሙም። በ2012 ይህ በማይክሮስኮፕ ሥር ሲቀረጽ ብዙዎቻችን ዓይናችንን አሸን። የሚቀጥለውን ደማቅ ስላይድ ስታገኚ ዘንጎቹን በርዝመት አስተያያቸው፤ አንድ ዓይነት እንዳልሆኑ ታያለሽ።

ጫፉ ላይ ግንበኞቹን የሚሰበስበው ዋግ-31 የሚባል ፕሮቲን ነው። ኤ እና ቢ ማህተም ከሚመቱባቸው ፕሮቲኖች አንዱ እሱ ነው። ማህተም ሲያርፍበት ጫፉ ላይ ይበልጥ ይሰበሰባል፣ አዲስ ፔፕቲዶግላይካንም (የግድግዳው ዋና መረብ) በብዛት ይነጠፋል። በ2005 በወጣ ሥራ ኤ ወይም ቢ ከልክ በላይ እንዲመረቱ ሲደረግ ሴሎቹ አበጡ፣ ቅርንጫፍ አወጡ፤ ሲቀነሱ ደግሞ ቀጠኑና ረዘሙ። መጠኑ ሲዛባ የዘንግ ቅርጹ ራሱ ይፈርሳል ማለት ነው።

ከኤና ከቢ ይበልጥ የተጠናው ፒኬኤን-ቢ ስለሆነ በሱ ላይ ልቆይ። ከሽፋኑ ውጭ የተዘረጋ እጅ አለው፤ ፓስታ የሚባሉ አራት ክፍሎች ያሉት። (ፓስታ የሚበላው አይደለም፤ የቃላት አኅጽሮት ነው። ተማሪዎቼ ግን በዚህ ምክንያት አይረሱትም።) ይህ እጅ የሚዳስሰው የግንቡን ጡብ ነው፦ ሊፒድ ሁለት የሚባለውን ገና ያልተሰካ ጥሬ ዕቃና ከግድግዳው የተቆረጡ ስብርባሪዎችን። ግንባታ ባለበት ቦታ ጡብ አለ፤ ጡብ ባለበት ፒኬኤን-ቢ ይሰበሰባል። ይህም ጫፎቹና ሴሉ ሊከፈል ያለበት መካከሉ ነው። ሁለት ፒኬኤን-ቢዎች በጀርባቸው ሲገጣጠሙ መጀመሪያ ማህተም የሚመቱት በራሳቸው ላይ ነው፤ ከዚያ ይነቃሉ። ቅርጹ በ2003 ሲታወቅ ከእኛ ካይኔዞች ጋር ያለው መመሳሰል አስደንጋጭ ነበር። ይህን መመሳሰል አስታውሺው፤ መድኃኒቱ ጋ ስንደርስ ይመጣብናል።

ነቅቶስ ምን ያደርጋል? ሲደብልዩኤል-ኤም የሚባል ፕሮቲን ላይ ማህተም ይመታል። የታተመው ፕሮቲን ሙር-ኤን ያነቃዋል፤ ሙር-ኤ የግድግዳ ጡብ መሥሪያው የመጀመሪያው በር ነው። በ2016 በወጣው ሥራ የታተመው ሲደብልዩኤል-ኤም ሲጨመርበት የሙር-ኤ ሥራ ከአሥር እጥፍ በላይ ጨመረ። ያልታተመው ይህን አያደርግም። ምግብ ሲጠፋ ማህተሙ ይፋቃል፣ በሩ ይዘጋል፣ ጡብ መሥራት ይቆማል። አየሽው? ሴሉ ተርቦ እያለ ውድ ግንብ አይገነባም። ያንን በር ክፍት ትተሽ ብታስርቢው ሀብቱን በግንብ ይጨርሳል።

አሁን ያ ያልኩሽ «የቱ ፕሮቲን ላይ?» የሚለው ጥያቄ። ይኸው ራሱ ፒኬኤን-ቢ ሙር-ጄ የሚባለው ላይም ማህተም ይመታል። ሙር-ጄ የተሠራውን ጡብ ከሴሉ ውስጥ ወደ ውጭ የሚያሳልፈው ነው። እሱ ሲታተም ኤፍሃ-ኤ የሚባል ፕሮቲን መጥቶ ይይዘዋል፣ ግንባታውም ይገታል። ይህ በ2012 ታየ። አንድ እጅ፣ አንድ ማህተም፤ አንዱ ደብዳቤ «ጡብ አምርት»፣ ሌላው «ጡብ አታውጣ» ይላል። መጀመሪያ ሳነበው ተቃርኖ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግንበኛ ፎርማን የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ድንጋይ ጠራቢውን «ቶሎ» እያለ ተሸካሚውን «ቆይ» ይላል። ማምረቱና መሰካቱ ካልተመጣጠኑ ግንቡ ይዘማል።

ኦክስጅንም በዚሁ ይገባል። ቲቢ በሳንባ ውስጥ በግራኑሎማ (በመከላከያ ሴሎች ክምር) ተከቦ አየር ሲያጥረው መከፋፈሉን ያቆማል፤ ግን አይሞትም። በ2014 እንደታየው ኦክስጅን ሲያጥር የፒኬኤን-ቢ መጠን ይወርዳል፣ አየር ሲመለስ ዳግም ለማደግ ደግሞ እሱ የግድ ያስፈልጋል። በሕክምናው ላይ ያለው ራስ ምታት እዚህ ነው። ዋናው የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድ የሚገድለው በሥራ ላይ ያለውን፣ ግንብ የሚገነባውን ባክቴሪያ ነው። ማህተም ጥሎ የተኛውን ያልፈዋል። ሕመምተኛው በሁለተኛው ወር ሳሉ ቆሞ፣ ሥጋው ተመልሶ እያለ ስድስት ወር ሙሉ ዋጥ የምንለው ለእነዚህ ለተኙት ነው፤ «ተሽሎኛል እኮ» ሲልሽ ይህን በራስሽ ቋንቋ ንገሪው።

ወደ ቀዩ ቀለም ልመለስ፣ ቃል ገብቼልሻለሁና። ዚል-ኒልሰን ስትቀቢ ካርቦል ፉክሲኑን እንፋሎት እስኪወጣው ታሞቂያለሽ፣ በአሲድ አልኮል ታጥቢያለሽ፣ በሜቲሊን ብሉ ትሸፍኚያለሽ። ሌላው ሁሉ ቀዩን ሲለቅ ቲቢ የማይለቀው በዚያ የማይኮሊክ አሲድ ሰም ምክንያት ነው። ሰሙን የሚያረዝሙት ኢንዛይሞች ሰንሰለት አላቸው፤ ከእነሱ አንዱ ካስ-ቢ ነው። ካይኔዞቹ እነዚህን ኢንዛይሞች ሲያትሙ የሚሉት «ቀስ በል» ነው። በ2014 የወጣው ሥራ ላይ ተመራማሪዎቹ የካስ-ቢን ሁለት ትሪዮኒኖች (334 እና 336 ቁጥር ላይ ያሉትን) ሁልጊዜ ታትመው የሚቀሩ በሚያስመስል አሚኖ አሲድ ቀየሯቸው። ማይኮሊክ አሲዱ አጠረ። ባክቴሪያው በዚል-ኒልሰን ቀይ መሆኑን አጣ። አይጦች ውስጥም ጉልበቱ ክፉኛ ደከመ። ሁለት ፊደል ተቀይሮ ቲቢን ስንለይበት የኖርነው ቀለም መያዝ ጠፋ!

ይህን ይዘሽ ግን የነገ ስላይዶችሽን አታንብቢ። ያ ሆን ተብሎ በላቦራቶሪ የተሠራ ዘር ነው። የሕመምተኛሽ አክታ ላይ ያጣሽው ባክቴሪያ ምክንያቱ መጀመሪያ ያልኩሽ ቁጥር ነው።

ይኸው የሰም ሰንሰለት ውስጥ ኢንሃ የሚባል ሌላ ኢንዛይም አለ፤ አይሶናያዚድ የሚመታው እሱን ነው። ካይኔዝ 266 ቁጥር ላይ ያለውን ትሪዮኒን ሲያትምበት ሥራው ይቀንሳል። ፒኬኤን-ኤች ደግሞ ሌላው የቲቢ መድኃኒት ኢታምቡቶል የሚመታቸውን ኢንዛይሞች ጂን የሚያስነሣ ፕሮቲን ያትማል። መድኃኒቶቻችን የሚመቱት ቦታና ካይኔዞቹ የሚይዙት ቦታ መደራረቡ በአጋጣሚ አይመስለኝም፤ ባክቴሪያው አጥብቆ የሚጠብቀው ቦታ ሲመታ የሚያመው ቦታ ነው።

ስለ ፒኬኤን-ጂ አጠር አድርጌ ልለፍ፤ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ነው። ሽፋን ላይ አይቀመጥም፤ ሥራው ከጓዳው ጋር ነው። ጋር-ኤ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን አለ፤ ሳይታተም ሲቀር ግሉታሜትን የሚያቃጥሉ ኢንዛይሞችን ጠፍሮ ይይዛል፣ ፒኬኤን-ጂ ሲያትመው ይለቃቸዋል። አሚኖ አሲድ ሲገኝ ምግቡን ወደ ጉልበት ማዞር የሚቻለው በዚህ ነው። ሁለተኛ ሥራም አለው። ማክሮፌጅ (ጀርም ዋጩ የመከላከያ ሴል) ባክቴሪያውን ከዋጠው በኋላ ወደ ሊዞዞም (የሴሉ መፍጫ ከረጢት) ወስዶ እንዳያሟሟው ፒኬኤን-ጂ ይከላከላል። በ2004 ይህ ጂን የጠፋበት የቢሲጂ ባክቴሪያ ተሠራ፤ ማክሮፌጆቹም ያለ ብዙ ችግር ወደ ሊዞዞማቸው ወሰዱት።

እንግዲህ መድኃኒቱ። ኢማቲኒብ በ2001 ለደም ካንሰር ከተፈቀደ ወዲህ ካይኔዝ ማገድ በመድኃኒት ዓለም ትልቅ ንግድ ሆኗል፤ ፒኬኤን-ቢም ከጥንት ጀምሮ ዒላማ ነው። ለምን እስካሁን ኪኒን አልሆነም? አንደኛ፣ ያ መመሳሰል። አብዛኞቹ አጋጆች የሚገቡት ኤቲፒ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ውስጥ ነው፤ ያ ጎድጓዳ ደግሞ በእኛ 500 ካይኔዞች ውስጥም አለ። ለካንሰር ሕመምተኛ የምትታገሺውን ጉዳት ለስድስት ወር የቲቢ ሕክምና አትታገሺውም። ሁለተኛ፣ በቱቦ ውስጥ ኢንዛይሙን በጥቂት መጠን የሚያቆሙ ብዙ ቅመሞች ተገኝተዋል፤ ባክቴሪያውን ለመግደል ግን እጅግ ብዙ መጠን ይፈልጋሉ። ያ ሰም ግድግዳ አያስገባም፣ የገባውን ፓምፑ ያስወጣል፣ የቀረው ደግሞ ሴሉ ውስጥ ከሞላው ኤቲፒ ጋር ይሻማል። ሦስተኛ፣ ኤ እና ቢ የሚያትሟቸው ፕሮቲኖች ይደራረባሉ። አንዱን ብቻ ይዘሽ ሌላው ከቀረ ሥራው በከፊል ይቀጥላል፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚያግድ ቅመም መፈለግ ተጀምሯል።

በግሌ የምጠራጠረው ግን አራተኛውን ነው። ዕድገቱን ብቻ ብታቆሚና ባትገድዪው እኮ ያስተኛሽው አንቺ ነሽ! ያኔ አይሶናያዚድ የሚመታው ያጣል። በፒኬኤን-ቢ ላይ ተስፋ የሚሰጠኝ እሱን ያጣ ባክቴሪያ የሚሞተው ግንቡ ተበላሽቶ መሆኑ ነው። ማስረጃው ያምራል፦ ስኳርና ማግኒዥየም በብዛት ባለበት መደብ ውስጥ፣ ማለትም ሴሉ ውኃ ስቦ እንዳይፈነዳ ከውጭ ተደግፎ ሲቀመጥ፣ ያለ ፒኬኤን-ቢ ማደግ ይችላል። ድጋፉን ስታነሺበት ያልቅለታል። ስለዚህ እነዚህን አጋጆች ብቻቸውን ከመስጠት ይልቅ ግንብ ከሚያፈርሱት ከቤታ-ላክታሞች (ከፔኒሲሊን ቤተሰብ) ጋር ማጣመር ይሻላል የሚሉት ወገኖች ያሳምኑኛል፤ በላቦራቶሪ ደረጃ ካይኔዙ ሲታገድ ቤታ-ላክታም እንደሚጎለብት ታይቷል።

የዲግሪሽን ነገር ሳልረሳው። ከእውነተኛው ቲቢ አትጀምሪ። የሥራ ክፍሉ ደኅንነት ብቻ ያስመርርሻል፣ ያ አምስት ሳምንት ደግሞ የምርምር ጊዜሽን ይበላዋል። ማይኮባክቴሪየም ስሜግማቲስን ውሰጂ፤ በሦስት አራት ሰዓት ይከፈላል፣ በሦስት ቀን ኮሎኒ ይታይሻል፣ ጤነኛ ሰው አያሳምምም፤ ፒኬኤን-ኤም ፒኬኤን-ቢም ዋግ-31ም አሉት። ማህተሙን ራሱን ለማየት ማስ ስፔክትሮሜትሪ ወይም ለታተመ ትሪዮኒን ብቻ የሚገጥም አንቲቦዲ ያስፈልግሻል፤ ያ በትብብር የሚገኝ ነገር ነው፣ ቀድመሽ ደብዳቤ ጻፊ (ማህተሙንም አትርሺ)። ከዚያ በፊት ግን ዛሬ ባለሽ ዕቃ የምትሠሪው አለ። በምግብ ላይ እያደገ ካለው ባህል ጥቂት ውሰጂ፤ ቀሪውን አጥበሽ ትዊን 80 (ሳሙና መሰል ነገር) ጠብ በተደረገበት ፎስፌት በፈር ውስጥ ለጥቂት ቀናት አስርቢው፤ ትዊኑን ከረሳሽው እንደ ቂጣ ሊጥ ይጓጉልብሻል። ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ካርቦል ፉክሲን ቅቢና ከየስላይዱ ሁለት መቶ ዘንግ ርዝመታቸውን ለኪ። የትኛው ስላይድ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ ባልደረባሽ ይሁን፣ አንቺ እንዳታውቂ። ከመጀመርሽ በፊት የመቶውን ሌንስ ዘይት ጥረጊ፤ የደረቀ ዘይት ዘንጉን ሁሉ ያወፍረዋል።